ከሐረር እስከ በርበራ፦ የሲራራው መንገድ እና የአባን ዋስትና

በሐረር፣ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ መስመር የምንመላለስ ነጋዴዎች በርበራን የምናውቃት በወደቧ ነው። መርከቡ መቼ ይገባል፣ የመኪና ኪራይ ስንት ደርሷል፣ ዶላሩ እንዴት ዋለ፣ ኬላው ጠበቀ ወይስ ላላ፤ ወሬያችን ከዚህ አይርቅም። በቅርቡ ግን ጥቂት ነጋዴዎች ከነቤተሰቦቻችን ሆነን፣ በሦስት መኪና ተከታትለን ከሐረር እስከ ባሕሩ ወርደን ነበር። የጥንቱ የሲራራ መንገድ በየት እንደሚያልፍና መጨረሻው ምን እንደሚመስል ልጆቻችንን ይዘን ማየት ፈልገን ነው።

ከዚህ በታች ያለው መንገዱ ያስነሣብን ጥያቄ ታሪክ ነው። ባንክ፣ ኢንሹራንስና ስልክ በሌለበት ዘመን አንድ ነጋዴ ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ፣ ዘመድ በሌለው አገር አልፎ፣ ባሕር ዳር ከማያውቀው ሰው ጋር ተገበያይቶ በሰላም የሚመለሰው በምን ተማምኖ ነበር? ይህን ስንረዳ በርበራ ለምን ዛሬም የንግድ ከተማ እንደሆነች፣ ሌላዋ የባሕር ዳር እኅቷ ዘይላ ለምን እንደደበዘዘች አብሮ ይገባናል። (ዓመቶቹንና ወሮቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መንገዱ

ከሐረር ጅግጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ 70 ገደማ፣ ከድንበሩ እስከ ሐርጌሳ 90፣ ከሐርጌሳ እስከ በርበራ ደግሞ 160 ቢባል፣ በድምሩ 420 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የተጫነ ግመል በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ይህን መንገድ በ17 ቀን ይጨርሰዋል። ውሃ ፍለጋ የሚባክነው፣ ግመሎቹ የሚያርፉበትና ከጎሳ ሽማግሌዎች ጋር ለመነጋገር የሚቆመው ቀን ሲጨመር ሦስት ሳምንት ይሞላል። አንድ ግመል 150 ኪሎ ቢሸከም፣ ዛሬ 30 ቶን የሚጭን አንድ ከባድ መኪና የ200 ግመል ጭነት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለልጆቹ ስንነግራቸው መኪኖቹን እየቆጠሩ በግመል ማባዛት ጀመሩ።

ከሐረር ደጋ ወርደን የካራማራን ተራራ ስናልፍ የጅግጅጋ ሜዳ ይዘረጋል። ይህ መንገድ ሁልጊዜ የንግድ መንገድ አልነበረም። በማርች 1978 የኢትዮጵያ ጦር ጅግጅጋን ከሶማሊያ ጦር ያስለቀቀው እዚሁ ካራማራ ላይ ተዋግቶ ነው። በሁለቱም ወገን ልጁን ያጣ ቤተሰብ ዛሬም በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ይኖራል። ያም ሆኖ ከጦርነቱ በፊትም በኋላም መንገዱን የሚያስከፍተው ገበያ ነው።

ከድንበሩ ወዲያ ሐርጌሳ ትቀበላለች። ሐርጌሳ ከሐረርና ከኦጋዴን ወደ በርበራ የሚወርዱ ሲራራዎች ውሃ የሚያጠጡባት ቦታ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሼክ መደር የተባሉት የሃይማኖት መሪ ተከታዮቻቸውን ሰብስበው ሰፈር ሲመሠርቱባት፣ የመንገደኛው ማረፊያ ቀስ በቀስ ከተማ ሆነ። ከሐርጌሳ ወደ በርበራ አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ከመንገዱ ወጣ ብሎ ላስ ጌል አለ። በዋሻው ግድግዳ ላይ የተሣሉት ቀይና ነጭ ላሞች በሺህ የሚቆጠር ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሲሆኑ፣ የውጭው ዓለም ያወቃቸው ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ2002 ካጠኗቸው ወዲህ ነው። የቦታው ስም በሶማልኛ የግመሎች ጉድጓድ ማለት ነው። እረኛውም ሲራራውም የሚያውቀው በውሃው ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። አየሩ ይከብዳል፣ ዛፉ ይመነምናል፣ ሶማሌዎች ጉባን ወደሚሉት የባሕር ዳር ሜዳ ይገባል። ጉባን የተቃጠለ ማለት ነው፤ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ትርጉሙን ያስረዳል።

ግማሽ ዓመት የምትኖር ከተማ

በርበራ የቆየ ወደብ ናት። ከ2 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች በጻፈው መምሪያ ውስጥ ማላኦ የምትባል ገበያ አለች፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ማላኦ በርበራ ናት ይላሉ። ጸሐፊው መርከብ የሚቆምበትን ቦታ ከምሥራቅ በኩል የወጣ የመሬት ምላስ እንደሚከልለው ይናገራል፣ ከርቤና ዕጣን እንደሚጫንባትም ይዘረዝራል። ያ የአሸዋ ምላስ ዛሬም ቦታው ላይ አለ። መርከቦችን ከማዕበል የሚጠብቀው እሱ ነው።

ይሁን እንጂ በርበራ ለረጅም ዘመን ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚኖርባት ከተማ አልነበረችም። በ1840ዎቹ ክራትንደን የተባለ፣ ኤደን ላይ የተመደበ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ገበያዋን አይቶ ጽፏል። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ቦታው ባዶ ነበር። ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ፣ በእኛ ጥቅምት ሲገባ፣ ነፋሱ ሲለወጥ ከሕንድና ከዐረብ አገር የሸራ ጀልባዎች ይመጣሉ፣ ከደጋው ሲራራዎች ይወርዳሉ፣ በእንጨትና በሰሌን የተሠሩ ጎጆዎች በጥቂት ሳምንት ከተማ ይሆናሉ። የሕንድ ባንያኖች ከቦምቤይ፣ ከፖርባንደርና ከማንድቪ ባዶ የቅቤ ገምቦ በጀልባቸው ላይ ደርድረው ይደርሳሉ። ከሙስካት፣ ከባሕሬንና ከባስራ ቴምር፣ ሩዝና ጨርቅ ይመጣል። ከመሃል አገር ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቅቤ፣ ሙጫ፣ ከርቤ፣ የሰጎን ላባ፣ ቆዳና በግ ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደጋው የተነጠቁ ወንዶችና ሴቶች በዚሁ መንገድ ተነድተው ባሕር ተሻግረዋል፤ የሲራራውን ታሪክ የሚያወራ ሰው ይህን መዝለል የለበትም።

ከመኮንኑ ጽሑፍ ውስጥ ሴቶቻችን የወደዱት ሌላ ነገር ነው። ረጃጅሞቹን የግመል ሰልፎች ወደ ገበያው የሚያደርሱትና የሚመልሱት በአብዛኛው ሴቶች እንደነበሩ ጽፏል። ዛሬ ድንበሩ ላይ ጫት፣ ወተት፣ ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡትን ሴቶች ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ገበያው ንጉሥ አልነበረውም። እስረኛ የሚይዝ ዘበኛ፣ ማኅተም ያለው ዳኛ አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠር የማይተዋወቅ ሰው ግን ለስድስት ወር ተገበያይቶ ይለያይ ነበር። ይህን ያስቻለው አባን ነው።

አባን

አባን በሶማልኛ ለእንግዳ ጠባቂ፣ ዋስና አገናኝ የሚሆን የአገሬው ሰው ነው። እንግዳው ነጋዴ በርበራ ሲደርስ፣ ወይም ወደ አንድ ጎሳ ምድር ሲገባ፣ አንድ አባን ይይዛል። አባኑ ያሳድረዋል፣ ያበላዋል፣ ያስተረጉምለታል፣ ዕቃውን ያሻሽጥለታል፣ የሚገዛውንም ይገዛለታል። ለዚህ ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳል። ትልቁ ሥራው ግን ዋስትናው ነው። እንግዳውን የዘረፈ ወይም ያቆሰለ የተጣላው ከእንግዳው ጋር ሳይሆን ከአባኑና ከአባኑ ዘመዶች ጋር ነው። ካሣውን የሚጠይቁት እነሱ ናቸው፤ ክብሩ የተነካው የእነሱ ነው። አባን የሌለው ሰው በርበራ ላይ መግዛትም መሸጥም አይችልም ነበር።

በእኛ አገር የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። አባን ማለት ይኸው ነው፤ አገሩን የሚያውቅ፣ በአገሩ የሚታወቅ ሰው።

ከደጋው በኩል ዋስትናው ሌላ መልክ ነበረው። አፄ ምኒልክ በጃንዋሪ 1887 ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ግዛት ሁሉ፣ የነጋዴው ኃላፊ ነጋድራስ ሆነ። ነጋድራስ ቀረጥ ይሰበስባል፣ የነጋዴን ክርክርም ይዳኛል። የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በኋላ ድሬዳዋ ላይ ያገለገሉት በዚህ ሹመት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ደጋ ላይ የሚተማመነው በሹም ነበር፤ ቆላ ሲወርድ በአባን። ከሐረር ወደ ዘይላ በሚወስደው መንገድ ላይ ጊልዴሳ የምትባል የኬላ ከተማ አለች። የደጋው አህያና በቅሎ እዚያ ያራግፋል፣ የቆላው ግመል ይጭናል። ጭነቱ ከአህያ ወደ ግመል በሚዛወርበት ቦታ፣ ዋስትናውም ከነጋድራስ ወደ አባን ይዛወር ነበር ማለት እንችላለን።

በእርግጥ አባንነት የጽድቅ ሥራ ብቻ አልነበረም። ዋጋውን የሚደብቅ፣ ከገዢውም ከሻጩም የሚበላ፣ እንግዳውን ሌላ ሰው እንዳያነጋግር የሚያግድ አባን ነበር። ለወደቡ ቅርብ የሆኑት ቤተሰቦች እንግዳ የመቀበሉ መብት የማን ነው በሚል እርስ በርስ ተዋግተውበታል። መብቱ ትርፍ ነበረውና።

ዋስትናው ሲፈርስ

በ1854 መጨረሻ እንግሊዛዊው መኮንን ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ በጃንዋሪ 1855 ሐረር ገባ፣ አሥር ቀን ያህል ቆይቶም በርበራ ወረደ። በዚሁ ወቅት ጓደኛው ስፒክ በምሥራቅ በኩል ሲጓዝ ከአባኑ ጋር ተጣላ። ነገሩ ኤደን ላይ በእንግሊዞች ፊት ታይቶ አባኑ ተቀጣ። በርተንም የአባን ልማድ ጨርሶ መቅረት አለበት ብሎ ጻፈ።

ጥቂት ቆይቶ በርተን፣ ስፒክ፣ ስትሮያንና ሄርን ወደ መሃል አገር ለመጓዝ በርበራ ላይ ሰፈሩ። ወደ ኦጋዴን ከሚመለሰው ትልቅ ሲራራ ጋር መሄድ ይችሉ ነበር፤ ከኤደን የሚመጣ ፖስታ እየጠበቁ ቀሩ። ሲራራው ሄደ፣ ገበያው ተበተነ፣ ጎጆዎቹ ፈረሱ። በኤፕሪል 19, 1855 ሌሊት በባዶው ዳርቻ ሰፈራቸው ተጠቃ። ስትሮያን ተገደለ፣ ስፒክ ብዙ ቦታ ቆሰለ፣ በርተን ጦር ጉንጩን ከዳር እስከ ዳር በስቶት አመለጠ።

ለጥቃቱ ብዙ ምክንያት ተሰጥቷል። ለነጋዴ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዋሶቻቸው ሲበተኑ እነሱ ባዶ ገበያ ላይ ቀሩ። ከዚያ የመጣው ቅጣት ደግሞ የነካው አጥቂዎቹን ብቻ አይደለም። እንግሊዞች የበርበራን ባሕር በጦር መርከብ ዘጉ። እገዳው የተነሣው በኖቬምበር 1856 ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በጉን ያረባው እረኛ፣ ቅቤ የያዘችው ሴት፣ ከሕንድ የመጣው ባንያን፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ጥፋት ከሰሩ።

ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ግብጾች መጡ። በ1870ዎቹ የኬዲቭ እስማኤል ሰዎች በርበራ ላይ መብራት ቤትና መድረክ ሠሩ፣ ከተራራው ሥር ካለው የዱባር ምንጭም ውሃ በቧንቧ አወረዱ። በ1884 ሲለቁ እንግሊዞች ተተኩ። በርበራ ከዚያ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሆና ቆየች። ዳሮሌ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ውስጥ በባሕር ድንጋይ የተሠሩ ቤቶችን ስናይ፣ አብዛኞቹ ጣራቸው ወድቆ በራቸው ብቻ ቆሟል። ልጆቻችን ማን ይኖርበት ነበር ብለው ሲጠይቁ መልሳችን አንድ ነበር፤ እንግዳ የሚያሳድሩ ነጋዴዎች።

ባቡሩ እና በጉ

በርበራና ዘይላ ለብዙ ዘመን ተፎካካሪ ነበሩ። ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዘይላን ሲያይ ገበያዋ ትልቅ እንደሆነ መስክሮ፣ በየመንገዱ በሚታረደው ግመልና በዓሣው ሽታ ምክንያት ግን ሌሊቱን ባሕር ላይ ማደርን መርጧል። ለሐረር የምትቀርበው ዘይላ ነበረች። በሜይ 1897 እንግሊዝና ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በተፈራረሙት ውል ውስጥ፣ በጊልዴሳ የሚያልፈው የዘይላ–ሐረር የሲራራ መንገድ ለሁለቱም አገር ንግድ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ አንድ አንቀጽ ተጽፎለታል። የድንበሩን ነገር ከእንግሊዙ ልዑክ ጋር በደብዳቤ የጨረሱት ራስ መኮንን ነበሩ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። በ1902 ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ ከሥሩ ቆመ፣ ድሬዳዋም ተወለደች። በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ወረቀቱ የዘይላን መንገድ ክፍት አድርጎት ነበር፤ የሚሄድበት ግን እያነሰ መጣ። ቡናና ቆዳ ወደ ሐዲዱ ዞረ። ዘይላ ዛሬ ትንሽ የዓሣ አጥማጅ ከተማ ናት።

ታዲያ በርበራ ለምን አልሞተችም? ዋናው ዕቃዋ በእግሩ ስለሚሄድ ነው። እንግሊዞች በ1839 ኤደንን ከያዙ ጀምሮ ለጦራቸው ሥጋ የምታቀርበው በርበራ ነበረች። በግ ባቡር አይጠብቅም፤ ሣርና ውሃ ባለበት መንገድ ራሱ ይመጣል። የበግ ንግድ ደግሞ በየጉድጓዱ፣ በየግጦሹ የሚተዋወቅ ሰው ይፈልጋል። አንድ የባቡር ድርጅት ገዝቶ የሚያዛውረው አይደለም። የዘይላ ንግድ በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ የበርበራ ግን እንደ ግራር ሥር በሰፊው የተዘረጋ ነው።

የዚህም ተቃራኒ ታይቷል። በሰይድ መሐመድ ዓብደላ ሐሰን ጦርነት ዘመን፣ በ1909 እና በ1910፣ እንግሊዞች መሃል አገሩን ለቀው በባሕር ዳር ከተሞች ብቻ ተቀመጡ። ወደቡ ክፍት ነበር፣ መርከብም ይመጣ ነበር። መንገዱ ላይ ግን ዋስ ጠፋ፣ ጎሳ ከጎሳ ተዘራረፈ፣ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ከጀርባው የሚታመን መንገድ የሌለው ወደብ ለነጋዴ ምንም እንደማይጠቅም ያ ዘመን አሳይቷል።

ሐርትሼክ እና ሼክ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለወላጆቻችን ቅርብ ነው። በኦገስት 1940 ጣሊያን በርበራን ያዘ፣ በማርች 1941 እንግሊዞች ከባሕር ወርደው አስለቀቋት፤ ወደ ሐረር ግንባር የሚሄደውም ስንቅ በዚሁ መንገድ አጠረ። በ1960ዎቹ ሶቪየቶች ጥልቅ ውሃ ያለውን ወደብ ሠሩ፣ በኋላም ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ጨመሩበት። በ1977 ሲባረሩ አሜሪካኖች ተተኩ። ትልልቆቹ መንግሥታት ሲፈራረቁ በጉ ግን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መጫኑን አላቆመም።

በ1988 ሐርጌሳ በራሷ መንግሥት አውሮፕላኖች ተደበደበች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በሲራራው መንገድ ወደ ኋላ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ከጅግጅጋ ወደ ድንበሩ ግድም ያለችው ሐርትሼክ በዓለም ካሉት ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዷ ሆነች። ካምፑ እስከ 2004 ቆየ። ብዙዎቻችን ሐርትሼክን የምናውቃት ግን በገበያዋ ነው። ልባሽ ጨርቅ፣ ሬዲዮ፣ ቴፕና ምንጣፍ ከዚያ ወደ ጅግጅጋ፣ ሐረርና ድሬዳዋ ይመጣ ነበር። ስደተኛው ባሕር ዳር የቀሩትን ዘመዶቹን ያውቃል፣ የእኛ ሰው ደጋውን ያውቃል። ድንኳን ውስጥ ሻይ እየተጠጣ በዱቤ ዕቃ ይሰጥ ነበር። አባን የሚለው ቃል ብዙም አይነሣም፤ ሥራው ግን ያው ነበር።

ማዕከላዊው መንግሥት በ1991 ከፈረሰ በኋላ በርበራ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። በ1992 የወደቡ ገቢ የማን ይሁን በሚል ወንድማማቾች ተዋጉባት። ጠቡን የፈታው የውጭ ጦር አይደለም። ሽማግሌዎች ከበርበራ በላይ ባለችው በሼክ ከተማ ተሰብስበው፣ ወደቡና ሌላው የሕዝብ ሀብት በአንድ ጎሳ እጅ ሳይሆን በጋራ መንግሥት ሥር እንዲሆን ተስማሙ። ዛሬ ዕቃችን የሚያልፍበት ወደብ ሰላሙን ያገኘው ከዚያ ጉባኤ ነው።

ዛሬ

የበርበራ ወቅት ድሮ በነፋስ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ትልቁ ወቅቷ በሐጅ ይቆጠራል። ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ጭምር የሚነዳ በግ፣ ፍየልና ግመል ወደ ወደቡ ይጎርፋል። ይህ ንግድ ምን ያህል በእምነት ላይ እንደቆመ ያየነው በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ጊዜ ነው። በበሽታው ፍርሃት ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998፣ ከዚያም ከ2000 እስከ 2009 የሶማሌን ከብት አልቀበልም አለች። ገበያው የተመለሰው በርበራ ላይ የከብት ማቆያና መመርመሪያ ተሠርቶ፣ የጤና ወረቀት ዋስ ሲሆን ነው። የአንድ በግ ጤና ጥርጣሬ ላይ ሲወድቅ የመቶ ሺዎች ኑሮ አብሮ ወደቀ።

አሁን ደግሞ ኮንቴይነሩ መጥቷል። ዲፒ ወርልድ ወደቡን ለማስተዳደር በ2016 ተፈራርሞ፣ በጁን 2021 አዲሱን የኮንቴይነር ተርሚናል ከ400 ሜትር መድረክ ጋር ከፈተ። በ2018 ለኢትዮጵያ የ19 በመቶ ድርሻ ተነግሮ ነበር፤ በ2022 ግን ቅድመ ሁኔታው ስላልተሟላ ድርሻው እንደቀረ ከሐርጌሳ ተገለጸ። ከበርበራ እስከ ውጫሌ ያለው መንገድም ታድሷል። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ ሁለተኛ በር መፈለጉ የሚደንቅ አይደለም። መሪዎች የሚፈራረሙትና የሚከራከሩበት ነገር ከእኛ አቅም በላይ ነው። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው።

ኮንቴይነር አባን አይፈልግም። ቁጥር፣ ማኅተምና የባንክ ሰነድ ካለው ከሻንጋይ እስከ ሞጆ ማንም ማንንም ሳያውቅ ይደርሳል። ይህ ለትልቁ አስመጪ መልካም ነው። አሥር ጆንያ ሩዝ የምታመጣው እናት፣ ሃያ በግ የሚነዳው ወጣት፣ አንድ መኪና ሽንኩርት ልኮ ገንዘቡን በሳምንቱ የሚቀበለው ነጋዴ ግን ባንክ ሰነድ አይከፍትለትም። እነዚህን የያዛቸው ዛሬም ዋስ ነው። በሐርጌሳ የከብት ገበያ ደላላው እጁን ከገዢው እጅ ጋር በጨርቅ ሥር ከቶ በጣት ዋጋ ሲነጋገር ቆመን አየን። ልጆቻችን አስማት መሰላቸው። እኛን ያስገረመን ቃሉ ነው፤ እነሱም ዲላል ይሉታል፣ እኛም ደላላ። እነሱም ሐዋላ፣ እኛም ሐዋላ። ቃሉን ሁላችንም ያገኘነው በአንድ መንገድ ላይ ከመጣ ከዐረብ ነጋዴ ነው። ከ2009 ጀምሮ በስልክ የሚላከው ዛድ ደግሞ የገንዘቡን መንገድ አፋጥኖታል። ቁጥሩን ስንጫን ግን የሚደርሰው ገንዘቡ ብቻ ነው፤ ዕቃው መምጣቱን የሚያረጋግጥልን አሁንም ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ነው።

በርበራ ላይ ያሳደሩን ቤተሰቦች የአንዳንዶቻችንን አባቶች ያውቃሉ። በአንድ ሰሐን ዓሣና ሩዝ ቀርቦ፣ የእናንተ አባት በዚህ ቤት ሁለት ክረምት ዕዳ ቆይቶበት ሦስተኛው ላይ ከነምስጋናው ከፍሏል ብለው ለልጁ ነገሩት። ልጁ ከፋይም ተበዳሪም አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ግን ስም ወረሰ። በቤቱ ካሉት ወጣቶች ጋር ስልክ ተለዋወጡ፣ አንዱ በአማርኛ ሌላው በሶማልኛ የሚያውቁትን ጥቂት ቃል እየቀላቀሉ አመሹ።

በዚህ መስመር የምትሠሩ ሁሉ ይህን ብታደርጉ ብለን እንመክራለን። በሚቀጥለው ጉዞ ከልጆቻችሁ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ። ከደንበኛችሁ ጋር ፊት ለፊት አስተዋውቁት፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይነገር፣ የእነሱም ልጅ የማን እንደሆነ ይጠየቅ። ያልተከፈለ ሒሳብ ካለ በፊቱ ይነሣ፣ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ። የእነሱ ልጆች ሐረር ወይም ጅግጅጋ ሲመጡ ደግሞ ሆቴል አትፈልጉላቸው፤ ቤታችሁ አሳድሯቸው። ሐምሌና ነሐሴ የበርበራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ አገሬውም ወደ ሼክና ሐርጌሳ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥቅምት ካለፈ በኋላ ውረዱ። የድሮዎቹም ሲራራዎች የሚወርዱት በዚሁ ጊዜ ነበር።